ጥበቃ ያለ ሥልጣን፦ ስለ መንዝ ጓሳ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ምድር፣ ደጋው በገደል ተቈርጦ ወደ ቆላው ከመውረዱ በፊት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው ውርጫም አምባ ላይ፣ ስፋቱ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጓሳ የሚባል የሣር ምድር አለ። በዚያ ጅብራና አስታ ይበቅላሉ፤ ጭላዳ በመንጋ ይሰማራል፤ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ዓለም የማይገኘውና ለአካለ መጠን የደረሰው ቍጥሩ በጠቅላላው 500 እንኳ የማይሞላው ቀይ ቀበሮም አይጥና ፍልፈል እያደነ ይኖራል። በዙሪያው ያለው ደጋ ግን እስከ ገደሉ አፋፍ ታርሷል፤ ገብስ ተዘርቶበታል፤ አፈሩም በየክረምቱ ታጥቧል። ጐረቤቱ ሁሉ ሲታረስ ይህ ምድር በምን ጥበብ ጦም አድሮ እስከ ዘመናችን ደረሰ ብሎ መጠየቅ እንግዲህ ተገቢ ነው።

ብዙ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ፣ አበው ፍጥረትን ይወዱ ስለ ነበር ነው የሚል ነው። መልሱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ያሳስታል። የመንዝ አበው ጓሳን የጠበቁት ለቀበሮው ብለው አልነበረም፤ ለጣራቸው ክዳን፣ ለገመዳቸው፣ እረኛው ከዝናብ ለሚከለልበት ጌሳ፣ ለምድጃቸው ማገዶ፣ በድርቅ ዘመንም ለከብታቸው ነፍስ ማቆያ ብለው ነበር እንጂ። ጥበቃውን ጽኑ ያደረገውም ጥቅሙ፣ ግዴታውና የመቅጣት ሥልጣኑ በአንድ ማኅበር እጅ መገኘታቸው ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ በተጓደለ ጊዜ ምድሩ እንደሚጐዳ፣ ሦስቱም በተመለሱ ጊዜ እንደሚያገግም የጓሳ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል።

ትውፊቱ እንደሚናገረው፣ በ17ኛው ምዕት ዓመት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ይህን ምድር ተካፈሉ፤ ከእነርሱም ዘር የሚቈጠር ሁሉ በአጽመ ርስትነት የሣሩ ተካፋይ ሆነ። ከዚህ መሠረት ላይ የቆመው ሥርዐት ቄሮ ይባል ነበር። የአስቦና የጌራ ወገኖች እያንዳንዳቸው አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚሉትን አለቃ በምርጫ ይሾማሉ፤ ድርሻቸውንም በየደብሩ ይከፋፈላሉ፤ ስለዚህ ባለርስቱ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር፣ በሚያውቁት ጐረቤቶቹ ፊት ተጠያቂ ይሆናል። ሣሩ ረዝሞ ለአጨዳ እስኪደርስ ምድሩ በአዋጅ ይዘጋል፤ ይህም ሦስትና አምስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ሊቈይ ይችላል። አለቃው አይቶ በቃ ሲል፣ በበጋው ወራት ይከፈትና ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይገባል፤ ከብቱም ይሰማራል፤ ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ዳግመኛ ይዘጋል። የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ስለሚያስነግሩ፣ አልሰማሁም ብሎ የሚያመካኝ አይገኝም ነበር።

ሕጉም ለስላሳ አልነበረም። ጐልማሳ ሁሉ ምድሩን በተራ የመጠበቅ ግዴታ ነበረበት፤ ጥሪ ሰምቶ የቀረ ይቀጣል፤ በተዘጋበት ጊዜ ሣር ያጨደ ወይም ከብት ያሰማራ ደግሞ ቅጣቱ ይከብድበታል፤ ከሁሉ የከፋውም ብያኔ ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደ ነበር ይተረካል። ዛሬ ይህን የምንሰማ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጭካኔ አንሻውም፤ የትውልድ ሐረግ የሌለውን ጐረቤት ከበረከቱ ማገዱንም ፍትሕ አንለውም። ሆኖም በሥርዐቱ ውስጥ ያለውን ብልሃት ከጭካኔው ለይቶ ማየት የአስተዋይ ሰው ፈንታ ነው፤ ብልሃቱም ሣሩን የሚያጭደው ሰውና ሣሩን የሚዘጋው ሰው አንድ መሆናቸው ነው።

አሜሪካዊው ሊቅ ጋሬት ሃርዲን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ፣ በጋራ ግጦሽ ላይ አንድ ከብት የሚጨምር ሰው ትርፉ የራሱ ብቻ፣ ጕዳቱ ግን የሁሉም ስለሚሆን፣ ምድሩ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ አስተማረ። በዘመኑ ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው፣ መፍትሔው ምድሩን ለግለሰብ መሸጥ ወይም ለመንግሥት ማስረከብ ነው አሉ። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን፣ በዚሁ ምርምሯ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ሊቅ፣ የጋራ የሆነውን ከባለቤት አልባው ለይታ፣ ተጠቃሚዎቹ ወሰናቸውን ሲያውቁ፣ ሕጉን ራሳቸው ሲያወጡና አጥፊውን ራሳቸው ሲቀጡ የጋራ ሀብት ለብዙ ትውልድ ሊጸና እንደሚችል ከልዩ ልዩ አገሮች ማስረጃ ሰብስባ በመጽሐፍ አቀረበች። የመንዝ ገበሬ ይህን መጽሐፍ ሳያነብ፣ መጽሐፉም ከመጻፉ ከ300 ዓመታት በፊት፣ በሥራ ላይ አውሎት ነበር።

ትልቁ ፈተና የመጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ይሆን ዘንድ የታወጀው አዋጅ ለጭሰኛው ነፃነትን አመጣ፤ ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን አጽመ ርስትን በሻረ ጊዜ ቄሮ የቆመበትን መሠረትም አብሮ ናደው፤ የአባ ቄራው ቃል ሥልጣን አጣ፤ ምድሩ ወደ ገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ፤ ቀድሞ የታገዱትም በፍትሕ መብታቸውን ሲጠይቁ፣ መብቱን ከግዴታው ጋር አስተሳስሮ የሚያስረክባቸው ሸንጎ አልነበረም። በዳርቻው ማረሻ ገባ፤ ሣሩም ሳይደርስ ይታጨድ ጀመር። ሕዝቡ በአንድ ሌሊት ፍጥረትን መውደድ ትቶ አልነበረም። የተሻረው ሥልጣኑ ነው።

ይልቁንም የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የአካባቢው ሽማግሌዎች ጥፋቱን አይተው፣ የቀድሞውን ሥርዐት በአዲሱ ዘመን ልብስ አለበሱት፤ በዘር ሐረግ ፈንታ በቀበሌ ነዋሪነት የቆመ፣ ከየቀበሌው የተውጣጣ የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ መክፈቱና መዝጋቱ፣ ጥበቃውና ቅጣቱ ተመለሰ። የአማራ ክልል መንግሥትም በኋላ ሥፍራውን የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ብሎ ዐወቀለት፤ እንግዳ የሚያርፍበት የማኅበረሰቡ ማረፊያ ቤትም ተሠራ። የተረፈው ሕይወት ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ሆነ ሊቃውንት በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጡት ጥናት ያሳያል፤ ቀይ ቀበሮ ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ 25 ያህሉ ሲሳካለት፣ በጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ ሲያድን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል። ጭላዳው ሣር በሌለበት አይሰማራም፤ ቀበሮውም በከፊል ጭላዳውን ተጠግቶ ያድራል። እንግዲህ ለጣራ ክዳን ሲባል የተዘጋው ሣር፣ ማንም ያላሰበውን አውሬ ጭምር መገበ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ይኸውም የጐንደርና የጐጃም አድባራት ደን ያለ ማጭድ ጥቅምና ያለ አባ ቄራ፣ በቅድስናው ብቻ ተጠብቆ ኖሯል የሚል ነው። እውነት ነው፤ በደቡብ ጐንደር ከአየር ሲታይ፣ በታረሰው ሜዳ መካከል አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ ጽዱና ወይራው፣ ኮሶውና ዋንዛው በዚያ ተጠግተዋል። ነገር ግን ቅድስናው ምሣርን ሲከለክል ከብትን አልከለከለም፤ በግና ፍየል ገብተው ችግኙን ሲበሉ፣ ያረጀውን ዛፍ የሚተካ ወጣት ዛፍ አይበቅልም፤ ደኑም ከዳር ይመነምናል። ይህን የተመለከቱት ኢትዮጵያዊው የደን ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው፣ ከገበሬው ማሳ በተለቀመ ድንጋይ በደኖቹ ዙሪያ ካብ እንዲካብ አድርገዋል፤ በዚህም ማሳው ከድንጋይ ሲጸዳ ደኑ ከከብት ተከለለ። ስለዚህ የአድባራቱ ምሳሌ ነገራችንን አያፈርስም፤ ያጸናዋል እንጂ። እምነት ለጥበቃው ምክንያት ይሰጣል፤ ወሰኑን አስከብሮ የሚያቆመው ግን የአካባቢው ሰው ውሳኔና ጕልበት ነው።

በዘመናችን ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ በየጉባኤው ብዙ ይነገራል። ነገር ግን ተሳትፎ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ገበሬው ጕድጓድ ቈፍሮ ችግኝ እንዲተክል፣ ከብቱንም እንዲከለክል መታዘዙ ነው፤ ምድሩ መቼ ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት፣ አጥፊው በምን ይቀጣ፣ የሚገኘው ገቢ ለማን ይድረስ የሚለውን ግን የሚወስነው ሌላ ነው። ይህ ግዴታን ለአንዱ፣ ሥልጣንን ለሌላው ማካፈል ነው፤ እንዲህ ያለው ጥበቃ ዘብ በቆመ ጊዜ ይጸናል፤ ዘቡ ዘወር ሲል ይፈርሳል። በእርግጥ የሕዝቡ ቍጥር በዝቷል፤ መሬት የሌለው ወጣትም ሣሩን ሳይሆን ማሳውን ይመኛል፤ ማንኛውም የመንደር ሸንጎ ብቻውን ይህን ሸክም ሊችለው አይችልም። የመንግሥት ፈንታም በዚህ ላይ ይታወቃል፦ የሸንጎውን ብያኔ በፍርድ ቤት ማጽናት፣ ከሩቅ የሚመጣውን ወራሪ መከልከል፣ ቀድሞ በዘር ሐረግ የታገደው ዛሬም በሌላ ሰበብ እንዳይታገድ መቈጣጠር ነው።

ስለ ዱር አራዊትና ስለ ዕፀዋት የሚጨነቁ ባለሥልጣኖችና የምግባረ ሠናይ ማኅበሮች ሁሉ፣ ወደ አንድ መንደር አዲስ የጥበቃ ሥራ ይዘው ከመሄዳቸው በፊት፣ በዚያ መንደር የመዝጋትና የመክፈት ቃል የማን እንደ ነበረ ቢጠይቁ ይገባል። ቃሉ የመንደሩ ከነበረ ይመልሱለት፤ ካልነበረም ይስጡት። የመዝጋት ሥልጣን የሌለውን ሰው ጠባቂ ብሎ መሾም፣ ጥፋት በመጣ ጊዜ የሚወቀስ ሰው ከማዘጋጀት በቀር ሌላ ፋይዳ የለውም።