ለፆማችን የኖቤል ምስክር አያስፈልገንም

ረመዳን በመጣ ቁጥር አንድ ጽሑፍ ከቴሌግራም ወደ ፌስቡክ፣ ከፌስቡክ ወደ ቲክቶክ ይዞራል። «ጃፓናዊው ሳይንቲስት ፆም ካንሰርን እንደሚያጠፋ አረጋግጦ ኖቤል ተሸለመ» ይላል። ከመካነ ሰላም እስከ ቱሉ አውሊያ ሼር ይደረጋል፣ ከሥሩም «ሱብሃነላህ» ይደረደርበታል። ውሸት ነው። በፆም ስም ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 እ.ኤ.አ. የተሸለመው በእርሾ ላይ ባደረገው ምርምር ነው። እርሾውን ምግብ ነሥቶ፣ ሴሉ የራሱን ክፍሎች ጠቅልሎ እንዴት እንደሚፈጭ አየ፤ ሥራውን የሚመሩትን ጂኖችም ለየ። የሰው ፆም አልመረመረም፣ ካንሰርም አላዳነም።

ደግሞ ሴል ፕሮቲን የሚያስወግድበት መንገድ ይህ ብቻ አይደለም። አሮን ሲየሃኖቨር፣ አቭራም ሄርሽኮና ኧርዊን ሮዝ በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኙበት ሌላ አለ። ዩቢኩዊቲን ከ76 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ትንሽ ፕሮቲን ነው። የበግ ነጋዴ የገዛውን ቀለም ቀብቶ እንደሚለይ፣ ሴልም እንዲፈርስ የተፈለገውን ፕሮቲን በዚህ ምልክት ይለየዋል። ሦስት ዓይነት ኢንዛይሞች ይቀባበላሉ፦ አንዱ ጉልበት አውጥቶ ዩቢኩዊቲኑን ያነቃዋል፣ ሁለተኛው ይሸከመዋል፣ ሦስተኛው ፕሮቲኑን ለይቶ ያጣብቅበታል። አንድ ምልክት ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ሰንሰለት ይሠራል። ከዚያ ፕሮቲያሶም የሚባለው በርሜል መሳይ ማሽን ፕሮቲኑን ይቆራርጠዋል። ምልክቱ ግን ተነቅሎ ለሌላ ይውላል። ይህ ሥራ በረመዳንም በሸዋልም፣ ጠግበንም ተርበንም አይቆምም።

«ጽዳቱ ካንሰርን ይገድላል» ለሚሉን፦ በ2003 አሜሪካ ውስጥ ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነት የተፈቀደው ቦርቴዞሚብ የሚሠራው ፕሮቲያሶምን በማገድ ነው። የካንሰሩ ሴል ራሱ ያለዚህ ጽዳት መኖር ያቅተዋላ!

የቃላት ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ዝም ባልን። ግን ከቦረና ገጠር ደሴ ድረስ ለሕክምና የሚመላለስ ታማሚ፣ ልጁ ያንን ጽሑፍ ቢያነብለትና «ፆሙ ያድነኛል» ብሎ ቀጠሮውን ቢተው ማን ይጠየቃል? ኢንሱሊን የምትወጋ እናትስ? አላህ ለታማሚ ያገራውን ዲን፣ እኛ በሼር ልናከብድበት ነው?

የምንፆመው አላህ ስላዘዘን ነው። ነገ ሌላ ተመራማሪ የኦሱሚን ግኝት ቢያፈርሰው ፆማችንን ልንተው ነው እንዴ?

ባዮሎጂ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ዘንድሮ ጽሑፉ ሲደርሳችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። እርሾ እንደነበር ከሥሩ ጻፉ።