ሦስት ሌሊት በሐረር፣ ሁለታችን ብቻ



አገር ቤት ስንሄድ ምን እንደምናደርግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሦስት ሳምንት ፈቃድ ይወሰዳል፣ ሻንጣው በሰው ዕቃ ይሞላል፣ ከቦሌ ወጥተን አንድ ዘመድ ሳሎን እንቀመጣለን። ከዚያ ሌላ ሳሎን። ያልደረስንበት ለቅሶ አለ፣ ያመለጠን ሠርግ አለ፣ የወለደች አለች። አላማርርም፤ የምንሄደው ለዚሁ ነው። ግን እኔና ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር፣ አሥራ ስድስቱን እዚህ ሬኒየር ቢች ምግብ ቤት ይዘን፣ ሁለታችን ብቻ አንድ ሌሊት የትም አድረን አናውቅም ነበር። ማታ ቤት ስንገባ ወሬያችን የሽንኩርት ዋጋ፣ የቤት ኪራይ፣ የተበላሸው ምጣድ ነው። ትልቋ ልጃችን አንድ ቀን "እናንተ ባልና ሚስት ናችሁ ወይስ የሥራ ባልደረቦች?" አለችን። ቀልዷን ነው፤ እኔን ግን አላሳቀኝም።

ስለዚህ በዚህኛው ጉዞ ከሦስት ሳምንቱ ሦስት ሌሊት ለራሳችን ቆረጥን፤ ለሐረር። እናቴ ሰማችና "ሐረር ማን አላችሁ?" አለችኝ። ማንም የለንም አልኳት። "ታዲያ ምን ልታደርጉ ነው?" እንግዲህ ለአንድ እናት "ልንበላና ልንዞር" ብሎ መመለስ ቀላል አይደለም። ሁለት ቀን አኩርፋ ቆየች።

ጉዞው አይከብድም። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ባቡርም አለ። ከድሬዳዋ ሐረር ደግሞ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ነው። ታች ያለው ሙቀት እየቀለለ ይሄዳል፣ አወዳይ ላይ የጫት ገበያውን በመስኮት ታያላችሁ፣ ከዚያ ነፋሻው ሐረር ይቀበላችኋል።

ጀጎልን በሥዕል አይታችሁት ይሆናል። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው ይባላል። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር፤ የጥንቶቹ በሮች አምስቱ እነዚህ ናቸው። ውስጡ ሰማንያ ሁለት መስጊድ አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔን የገረመኝ ግን ስፋቱ ነው፤ ማለቴ ጥበቱ። ከተማው በሙሉ ሃምሳ ሄክታር እንኳ አይሞላም፤ በእግር ከጫፍ ጫፍ ትደርሳላችሁ። የራሱን ገንዘብ ያትም የነበረ፣ በዘይላ ወደብ በኩል ከየመንና ከሕንድ ጋር ይነግድ የነበረ ከተማ ነው እንግዲህ። ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ምግቡ ውስጥ ግን የባሕሩ ንግድ አለ፤ እመጣበታለሁ።

ሐረሪዎች ቤታቸውን ጌይ ጋር ይሉታል፣ የከተማ ቤት ማለት ነው። ጠዋት አንዱን በአስጎብኚ ገባን። ውስጡ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በማዕረግ የተወሰነ ነው። ግድግዳው በስፌት ሙዳይና በሰሃን ተሞልቷል። ከጎን ደግሞ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፣ የሙሽሮች። አዲስ ተጋቢዎች እዚያ ይዘጉና ምግብ በትንሽ መስኮት ይቀበላሉ አለን ልጁ። ባለቤቴ ክፍሏን ጎንበስ ብሎ አየና "ስንት ቀን?" አለ። "አንድ ሳምንት" ሲለው ወደ እኔ ዞሮ "እኛ እኮ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባን" አለኝ። እውነቱን ነው። ረስቼው ነበር።

መደቡ ቀይ ቀለም የተቀባበትን ምክንያትም ጠየቅን። እ.ኤ.አ. በ1887 ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር በተደረገው ጦርነት ላለቁት ሰዎች መታሰቢያ ነው ይባላል። እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው ከአሸናፊው ወገን ሆነን ነው። እዚያ ቀይ መደብ ላይ ተቀምጦ መስማት ሌላ ነገር ነው። ልጆቻችሁን ከወሰዳችሁ ይህን ሳትዘሉ ንገሯቸው፤ እዚህ ሰፈር አብረዋቸው የሚማሩት የኦሮሞ፣ የሶማሌና የሐረሪ ልጆች ቤታቸው ሰምተውት ይሆናል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ጠዋት ጠዋት ፈጢራ በላን፤ ስስ ሊጥ ተጣጥፎ፣ እንቁላል ገብቶበት፣ ላዩ ማር። ጊዲር መጋላ ሥጋ ተራ ሄደን ደግሞ ጭልፊቶች ከሰው እጅ ሥጋ ሲነጥቁ አየን። እዚያው አካባቢ የግመል ሥጋ ሳምቡሳ አለ። (ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ነውና አልነካም አለ፤ አልተከራከርኩትም፣ እኔም ሽታውን ብቻ ነው ያጣጣምኩት።) ልቤን የወሰደው ግን ሁልበት መረቅ ነው። አብሹ ነጭ አረፋ እስኪሆን ተመትቶ ትኩስ የሥጋ መረቅ ላይ ይደረጋል፣ በዳቦ ይበላል። የመኖች የዚህ ዘመድ የሆነ ምግብ አላቸው፤ ባሕሩ ያልኳችሁ ይሄ ነው። እኛ አብሽ ስንል ለጨጓራ የሚጠጣ ወይም ሊጥና ቅመም ውስጥ ቆንጥረን የምንጨምረው ብቻ ነው የሚመስለን።

ቡናውም የራሱ ወግ አለው። ፍሬው ከነገለባው ፀሐይ ላይ ስለሚደርቅ እንደ እንጆሪ የሚሸት ጣዕም ይሰጣል። ገበሬው ቤት ግን የሚጠጣው ብዙ ጊዜ ፍሬው አይደለም። ቅጠሉ ቁጢ ይሆናል፣ ገለባው በወተት ተፈልቶ ሆጃ ይሆናል። ፍሬው ለገበያ ነው። ይህን ስሰማ የእኛው ሲያትል ትዝ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክቷ ሆነው እንዲመዘገቡ አመልክታ፣ እዚሁ ከተማ ዋና መሥሪያ ቤቱ ካለው ስታርባክስ ጋር ብዙ ክርክር ነበር፤ በ2007 ተስማሙ። ስሙ የማን ነው የሚለው ክርክር ሩቅ አገር የሆነ አይምሰላችሁ።

ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ሐረር ውስጥ "መኪና ግርግር" የሚባል መንገድ አለ። መኪና ስላለበት አይደለም፤ ልብስ ሰፊዎች በረድፍ ተቀምጠው የስፌት መኪናቸው ግርግር ስለሚል ነው። ማታ ደግሞ ከግንቡ ውጭ ሰውዬው ጅቦቹን ይጠራና ሥጋ በእንጨት ያጎርሳቸዋል። ግንቡ ላይ እንኳ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። በአሹራ በዓል ቅቤ የበዛበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል፣ አበላላቸው ታይቶ የመጪው ዓመት ዕድል ይገመታል። እኔ አልጎረስኩም፤ ባለቤቴ አጎረሰ፤ ሲመለስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጊዜ ካላችሁ አብዱላሂ ሸሪፍ ያሰባሰቡትን ሙዚየም አትለፉ። የድሮ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ልብስ፣ የተቀዳ ዘፈን ሁሉ አለ። እኛ ከሰዓቱን በሙሉ እዚያ አሳለፍን። ስልካችን ሲጠራ አላነሳንም። ወጥተን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ስለ ምግብ ቤቱ አንድም ቃል ሳንናገር ሁለት ሰዓት ያህል አወራን፤ ስለ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ሁልበቱን ቤት መሞከር ለምትፈልጉ፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ አብሽ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ላዩ ላይ ያቀረረውን ውሃ ድፉት፣ ምሬቱ አብሮ ይሄዳል። የቀረውን በሹካ ወይም በኤሌክትሪክ መምቻ ነጭ ሆኖ እስኪነፋ ምቱት። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው ጨምሩበት። የበሬ አጥንት መረቃችሁ ሲፈላ በሳህን ቅዱና አረፋውን ከላይ አድርጉ፤ አብራችሁ አታፍሉት፣ ይወርዳል። በጾም ወቅት የአትክልት መረቅም ይሆናል፤ እኔ በምስር መረቅ ሞክሬው ደንበኞቼ ጨርሰውታል።