የጊች ሜዳ

ስለ ተራራ ጉዞ እንድንጽፍ የጠየቃችሁን ወጣቶች አልረሳናችሁም። ዛሬ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ከልጆቻችን ጋር የወጣነውን የስሜን ተራራ እናወጋችኋለን።

ከሱብሒ በኋላ ከጎንደር አዲስ ዓለም ተነሥተን፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ገባን። በቅሎ ተከራይተን፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይዘን ሳንቃበር አደርን። በማግስቱ የጅንባርን ወንዝ ተሻግረን አቀበቱን ስንያያዝ ልጆቹ ዝም አሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ይሳሳል፤ የቸኮለ ራሱን ያመዋል። መላው ቀስ ማለትና ውሃ መጠጣት ነው። የአስታው ደን ግን ድካም ያስረሳል። ደኑ ሲያልቅ ጓሳ ሣር የለበሰ ሜዳ፣ እንደ ዘብ የቆመ ጅብራ፣ ሣር የሚነጭ የጭላዳ መንጋ። ጊች ደረስን።

ጊች የሙስሊሞች መንደር ነበር። ገብስ እያረሱ፣ በግና ከብት እያረቡ፣ መስጊድ ሠርተው ኖረውበታል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም መንደሩ በክልሉ ውስጥ ቀረ። በ1978 ዩኔስኮ ስሜንን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዓለም ዋልያን አወቀ፤ እረኛውን ግን ማን አወቀው? ግጦሹና እርሻው ጉዳት አላደረሰም ማለታችን አይደለም፤ አድርሷል። በ1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2016 የጊች ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በተከታዩ ዓመት ፓርኩ ከዚያ መዝገብ ወጣ።

እሜት ጎጎ ጫፍ (3,926 ሜትር) የልጆቹን እጅ አጥብቀን ይዘን ወጣን። ዙህርን ቀስር አድርገን ሰገድን። ቂብላው ወደ ሰሜን ነውና ፊታችን ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ደግሞ እስከ አድማስ የተዘረጋ ቆላ ነበር። እንዲህ ያለ ሶላት ሰግደን አናውቅም። ስንመለስ መንደሩ የነበረበትን ቦታ ከሩቅ አይተን አለፍን፤ ልጆቹ ደክሟቸው ነበር።

ደባርቅ መግሪብ ከሰገድን በኋላ አንድ የጊች አባት አጠገባችን ተቀመጡ። እዚህ መብራትና ትምህርት ቤት አለ፣ በግ ግን የለንም አሉን። ከዚያም፣

«ሣሩ አደገ?»

«ጉልበታችን ድረስ ነው አባባ።»

«አልሐምዱ ሊላህ» አሉ። ጥቂት ቆይተው፣ «መቃብሩንስ አያችሁት?»

አላየነውም ነበር።