የኪራይ አንደበት የሕዝብ ድምፅ አይሆንም

በካፒታል ገበያ ከሚቸረቸሩት ሸቀጦች መካከል ለወዝ አደሩና ለቀበሌው ነዋሪ በቅጡ ያልተገለጠ አንድ አለ፤ እርሱም ደጅ ጥናት ነው። በዋሽንግተን «ሎቢ» የሚባለው ይህ ንግድ የራሱ ኩባንያዎች አሉት። የምክር ቤት ወንበሩን የለቀቀ ባለ ሥልጣን የቀድሞ ባልደረቦቹን በር የማስከፈት ችሎታውን በወር ክፍያ ያከራያል።

ይህ የባዕድ ወሬ ብቻ አይደለም። ዲ.ኤል.ኤ. ፓይፐር የተባለው ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት በሠራበት ወቅት፣ በአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የብዙኃኑ ፓርቲ መሪ የነበሩት ዲክ አርሚ ዶናልድ ፔይን ያቀረቡትን ኢትዮጵያን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ በመቃወም ተሰልፈዋል። ረቂቁ መስከረም 21 ቀን 2000 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት ቢያልፍም ከሴኔቱ ሳይወጣ ቀርቷል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ኤስ.ጂ.አር. ከተባለ ኩባንያ ጋር በወር 150,000 ዶላር ተዋዋለ። ይሁን እንጂ ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ያው ምክር ቤት የሰብዓዊ መብት አያያዛችንን የሚነቅፈውን ቁጥር 128 የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ። ከዚህ የምንረዳው ገንዘብ ውሳኔን ሊያዘገይ ቢችል እንኳ በአገር ውስጥ ያለውን ቅሬታ የማያስወግድ መሆኑን ነው።

አሜሪካ በ1930 ዓ.ም. ያወጣችው ሕግ የውጭ መንግሥት ወኪል እንዲመዘገብ፣ ውሉንና የተቀበለውን ገንዘብም እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ዋናው ቅራኔ እዚህ ላይ ነው፤ ከእኛ ግምጃ ቤት የወጣውን ዶላር የዋሽንግተን ነዋሪ ከመዝገብ ሲያነበው፣ ለከሚሴው ግብር ከፋይ ማን ያነብለታል?

በባዕድ ከተማ የሚወሰነው ነገር ደጃችን ድረስ እንደሚመጣ አይተናል። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ፣ ጉዳቱ ያረፈው በየኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ በሚሰፋው ወዝ አደር ትከሻ ላይ ነው። ጦርነቱ የደረሰባት ኮምቦልቻም እንዲህ ያለ ፓርክ ያላት ከተማ ናት።

ኮምቦልቻን አልፎ የሚወርደው ቦርከና ወንዝ በሚያረሰርሰው የጨፋ ሸለቆ የተሻለ ሥርዓት አለ። በበጋ የአፋርና የኦሮሞ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን ወደ ረግረጉ ሣር ሲነዱ፣ በግጦሽ ጠብ ቢነሣ ነገሩ የሚታየው በሽማግሌዎች ፊት ነው። ተናጋሪው የማን ወገን እንደሆነ ይታወቃል፤ ቃሉንም ሁሉም ይሰማዋል።

አገር ጉዳይዋን ለዓለም ማስረዳቷን አንነቅፍም። የምንነቅፈው በስውር የሚከራየውን አንደበት ነው። ስለሆነም ከእንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ጋር የሚደረግ ውል ሁሉ ለሕዝብ እንደራሴዎች ይቅረብ፤ ዋጋውና ዓላማውም ሕዝቡ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ይገለጥ። የቀበሌ ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራትም ይህን በየስብሰባቸው ይጠይቁ። ኪራዩ በተቋረጠ ዕለት የተከራየው አንደበት ይዘጋል፤ የሚቀረው የሕዝቡ ድምፅ ነው።