ሳይረን ቀይ መብራትን አረንጓዴ አያደርግም

አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና ሳይረኑን እያሰማ ሲመጣ ቀይ መብራት አይመለከተውም የሚለው እምነት በአዲስ አበባ ሥር የሰደደ ነው። ሹፌሩም፣ እግረኛውም፣ አንዳንድ ጊዜ መንገድ የሚያስከፍተው ትራፊክ ፖሊስም ይህንኑ ያምናል። እምነቱ ከርኅራኄ የመነጨ በመሆኑ የሚሞግተው ሰው ጨካኝ መስሎ መታየቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ቀይ መብራትን ሳይቆሙ ጥሶ ማለፍ ለታማሚው የሚያስገኘው ጊዜ ከሚገመተው ያነሰ ነው፤ መብራቱን አምኖ በሚሻገረው ሰው ላይ የሚጥለው አደጋ ግን ከሚገመተው በላይ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የአደጋ ጊዜ መኪና ቀይ መብራት ላይ ሲደርስ ሙሉ በሙሉ መቆም፣ በየረድፉ ያሉት መኪኖች እንዳዩት ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማለፍ አለበት።

ቅድሚያ የሚባለው ነገር ራሱ ያለ ግዴታ የተሰጠ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አገሮች እነዚህን መኪኖች ከደንብ ነፃ እንዲያደርጉ ሲፈቅድ፣ ሌላውን የመንገድ ተጠቃሚ አደጋ ላይ እስካልጣሉ ድረስ የሚል ገደብ አስቀምጧል። በብሪታንያ ሕግ ቀይ መብራት ለአምቡላንስ ሹፌር የቅድሚያ ስጥ ምልክት ያህል ነው፤ ማለፍ ይችላል፣ ነገር ግን ሌላው አሽከርካሪ ከግጭት ለመዳን ፍጥነቱን ወይም አቅጣጫውን እንዲቀይር ማስገደድ አይችልም። እኛ ዘንድ ፈቃዱ ብቻ ሲታወስ ገደቡ ተረስቷል።

ስለሚተርፈው ጊዜ የተሠሩ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በሰሜን ካሮላይና ግሪንቪል ከተማ የወጣ ጥናት በመብራትና በሳይረን የሄደ አምቡላንስ ያለ እነሱ ከሚሄደው በአማካይ 43.5 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ እንደሚደርስ አሳይቷል። በከተማ ከተሠሩት ጥናቶች ከፍ ያለ ውጤት ያገኙትም ቢሆኑ የቆጠሩት ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ደግሞም ይህ የሙሉው ጉዞ ትርፍ ነው፤ አብዛኛው የሚገኘው መኪኖች ገለል ስለሚሉና ሰልፉ ስለሚታለፍ ነው እንጂ መብራት ስለተጣሰ አይመስለኝም። እያንዳንዱ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ማየት የሚወስደው ጥቂት ሰከንዶችን ነው። በሌላው ሚዛን ላይ ያለውን ደግሞ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመዘገቡ የአሜሪካ የአምቡላንስ ጉዞዎችን የመረመረ ጥናት፣ ታማሚ ጭነው ያለ ሳይረን ከተጓዙት በየ100,000ው 7 ያህሉ ሲጋጩ፣ በሳይረን ከተጓዙት ግን 17 ያህሉ መጋጨታቸውን አግኝቷል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2011 በአምቡላንስ ግጭት በየዓመቱ በአማካይ 33 ሰው ሞቷል፤ ከሟቾቹ 63 በመቶ የሚሆኑት በሌላው መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። አምቡላንስ ያልጠሩ፣ ከታማሚው ጋር ምንም የማይገናኙ ሰዎች።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት አንድ መስቀለኛ መንገድ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። አረንጓዴ የበራላቸው ሦስት ረድፎች አሉ እንበል። በመጀመሪያው ረድፍ ያለው የከተማ አውቶቡስ ሳይረኑን ሰምቶ ይቆማል፤ የአምቡላንሱ ሹፌርም መንገዱ የተለቀቀለት ይመስለውና ይገባል። ከአውቶቡሱ ማዶ ግን ሚኒባስ ታክሲ እየመጣ ነው። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ሙዚቃው ከፍ ብሏል፣ በጎኑ ያለው ፎቅ ድምፁን አግዶታል፣ የአውቶቡሱ ቁመት ደግሞ አምቡላንሱን ሸፍኖበታል። ሚኒባሱ የሚያየው አረንጓዴ መብራት ብቻ ነው። ሁለቱም ጥፋት የሠሩ አይመስላቸውም። በአምቡላንሱ የኋላ ክፍል ነርሷ ታማሚው ላይ አጎንብሳ፣ ቀበቶ ሳታስር ቆማለች፤ ድንገተኛ ፍሬን እንኳ ከግድግዳው ጋር ያላትማታል። በአዲስ አበባ በመንገድ ላይ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ስናስብ፣ ዜብራውን መሻገር የጀመረችው እናት እዚህ ሥዕል ውስጥ የት እንደምትገኝ ግልጽ ነው።

የልብ ትርታው ለቆመ፣ ደሙ ለሚፈስስ፣ ምጥ ለጠናባት ሴት ሰከንድ ዋጋ አለው የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ እውነትም ነው። ግን ሰከንዱ የሚባክነው የት ነው? ወደ አምቡላንስ መጥሪያ ቁጥሮቹ 907 ወይም 939 ተደውሎ መኪናው እስኪነሣ፣ ከዚያም የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በወጉ በማይሠራበት ሰፈር ሹፌሩ በስልክ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፍ ብሎ፣ ልጅ አስፋልት ላይ ልኬያለሁ» እየተባለ ሲፈልግ የሚያልፈው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ሆስፒታል ደርሶ «አልጋ የለም» ሲባል ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚደረገው ጉዞም እንዲሁ። እዚያ የጠፋውን ደቂቃ መስቀለኛ መንገድ ላይ በተጣሰ መብራት ማስመለስ አይቻልም፤ እንዲህ ማድረግ ሹፌሩን የሌሎችን ጉድለት በራሱና በሰው ሕይወት እንዲያካክስ መጠየቅ ነው።

ሌላው ተቃውሞ፣ በዚህ ከተማ ቆሞ የሚጠብቅ አምቡላንስ ማንም አያሳልፈውም የሚል ነው። እኔ የምለው ግን ቆሞ ያይ እንጂ አረንጓዴ እስኪበራ ይጠብቅ አይደለም። አሽከርካሪው ለሳይረን ደንታ ቢስ ሆኗል ከተባለም፣ ያለ አስቸኳይ ጉዳይና ለአጃቢ መኪኖች ሳይቀር የሚጮኸው ሳይረን ጆሮውን እንዳደነዘዘው አምናለሁ። በአሜሪካ የድንገተኛ ሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2022 በጋራ ያወጡት መግለጫ ታማሚ ተጭኖ ከሚደረጉ ጉዞዎች በሳይረን የሚካሄዱት ከ5 በመቶ በታች እንዲሆኑ ግብ አስቀምጧል። እዚህም ሳይረን ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚለውን ሹፌሩ በግምት ከሚወስን፣ ጥሪውን የሚቀበለው ባለሙያ በታማሚው ሁኔታ መወሰን አለበት። ቀይ መብራት ላይ ስለ ቆመ የዘገየ ሹፌር በአለቃው እንደማይጠየቅ በጽሑፍ ይነገረው፤ ሳይቆም የገባው ግን፣ ግጭት ባይደርስም፣ ይጠየቅ።