ማሳሰቢያ፦ ለስቴም ሴል ሕክምና ከመሄድዎ በፊት የሚወስዱትን ማስታገሻ ያሳውቁ

በመኪና አደጋ ወይም ከፎቅ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ያለበት ቤተሰብ ገንዘብ አሰባስቦ ታማሚውን ውጭ አገር ለስቴም ሴል ሕክምና (ጉዳቱን ይጠግናል በሚል ተስፋ ሴል ለሚተከልበት ሕክምና) ለመላክ ሲነሳ፣ ስለ ቪዛው፣ ስለ ትኬቱና ስለ ማረፊያው ሳይጠይቅ አይቀርም። ታማሚው ጠዋት ማታ ስለሚውጠው ትራማዶል ወይም ሞርፊን ግን የሚያነሳ የለም።

ሁለቱም፣ እንደ ኮዴይን፣ ፔቲዲንና ፌንታኒል ሁሉ፣ ኦፒዮይድ ከሚባሉት ማስታገሻዎች ይመደባሉ። የአሜሪካው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ ህብለ ሰረሰራቸው እንደተጎዳ ሞርፊን የተሰጣቸው አይጦች የመንቀሳቀስ አቅማቸው ካልተሰጣቸው አይጦች ባነሰ ሁኔታ አገገመ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሞርፊንና ሄሮይን ለረጅም ጊዜ በወሰዱ አይጦች አንጎል ውስጥ የአዳዲስ ነርቭ ሴሎች መፈጠር መቀነሱን አሳይቷል። ይህ የተተከለለት ሴል እንዲያድግለት የሚጠብቅ ሰው ችላ የሚለው ነገር አይደለም። ሆኖም ኦፒዮይድ በሰው ላይ የስቴም ሴል ሕክምናን እንደሚያከሽፍ አልተረጋገጠም። ሕክምናው ራሱ ገና በሙከራ ላይ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለህብለ ሰረሰር ጉዳት የፈቀደው አንድም የስቴም ሴል ምርት የለም። ስለዚህ «መድኃኒቱን ካቆመ ሴሉ ይሠራለታል» የሚል ደላላ ካጋጠመዎት አይመኑት።

በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ማስታገሻው ሕመምን መደበቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ታሪክ አለ። የጀርባ አጥንቷ ተሰብሮ ሽባ የሆነች ወጣት ከአደጋው 3 ዓመት በኋላ ፖርቱጋል ሄዳ ከአፍንጫዋ የተወሰደ ሴል ጉዳቱ ቦታ ላይ ተተከለላት። ሴሉ ከተተከለላት ከ8 ዓመት በኋላ ጀርባዋን እየባሰ የሚሄድ ሕመም ያዛት። ቀዶ ሐኪሞች ሲከፍቱት ያገኙት እንደ አፍንጫ ውስጥ ሥጋ ንፍጥ የሚያመነጭ እብጠት ነበር። ወደ ሐኪም ያመጣት ያ ሕመም ነው። ጠንካራ ማስታገሻ በየቀኑ የሚወስድ ሰው እንዲህ ያለውን ምልክት ዘግይቶ ሊሰማው ይችላል፤ አዲስ ወይም የተባባሰ ሕመም ሲመጣ የመድኃኒቱን መጠን በራስ ከመጨመር በፊት መመርመር ያስፈልጋል።

ማስታገሻውን በፍርሃት ድንገት ማቆምም አደጋ አለው። ላብ፣ ተቅማጥ፣ እንቅልፍ ማጣትና ከበፊቱ የባሰ ሕመም ይከተላል። መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ የሐኪም ሥራ ነው። ከነርቭ ጉዳት ለሚመጣው የሚያቃጥል ሕመም ቀድሞ የሚሞከረው ጋባፔንቲን ወይም ፕሪጋባሊን ስለሆነ፣ ይህን ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ኦፒዮይድ ሆድ ያደርቃል። ጉዳቱ ከደረት መሃል በላይ ለሆነ ሰው የሆድ ድርቀት ቀላል ነገር አይደለም፤ የደም ግፊትን በድንገት አደገኛ ደረጃ ላይ ሊያደርሰው ይችላል። ኃይለኛ ራስ ምታትና የፊት መቅላት ከታየ ታማሚውን ቀና አድርገው አስቀምጠው ወዲያውኑ ሐኪም ይጥሩ።

የመድኃኒቱን ስም፣ ሚሊግራሙንና የሚወስዱበትን ሰዓት ጽፈው፣ ማሸጊያውን ጭምር ይዘው ይሂዱ። በጥቆማ ያለ ማዘዣ የተገዛ ከሆነም አይደብቁ። በዱባይ ወይም በካይሮ የሚያልፉ ከሆነ ደግሞ ትራማዶል በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም ሆነ በግብፅ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት መሆኑን ይወቁ፤ ያለ ማዘዣና አስፈላጊው ፈቃድ ይዞ የተገኘ መንገደኛ ሊታሰር ይችላል።