ቴስተሮች ሆይ፣ ጻፉ
የሶፍትዌር ቴስተር ሥራ ስህተት አግኝቶ ለፕሮግራመሩ በመንገር ማብቃት የለበትም፤ ያገኘውን ጽፎ ለሙያ ባልደረቦቹ ማካፈልም የሥራው አካል ነው ባይ ነኝ። ግሌንፎርድ ማየርስ በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ሶፍትዌር ፍተሻ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፍተሻ ማለት ስህተት ለማግኘት አስቦ ፕሮግራምን ማስኬድ ነው ብሎ ነበር፤ ሐሳቡ እስከ ዛሬ ለባለሙያው የደረሰው በጽሑፍ ስለተቀመጠ ነው። የእኛን የቀን አቆጣጠርና የስም አጻጻፍ የሚመለከተውን ስህተት ግን ከእኛ በቀር ማንም አይጽፍልንም። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የተወለደን ሕፃን የሚመዘግብ ሠራተኛ፣ ቅጹ ከአምስት በላይ አልቀበልም ቢለው ምን ያደርጋል? መስከረም 1 ብሎ ያልፈዋል፤ ልጁም ዕድሜውን ሙሉ ያልተወለደበትን ቀን ይዞ ይኖራል። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ደንበኛ «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ የለም ከተባለም፣ መስኮቱ ላይ የቆመው ሰውዬ ጉዳዩ ሳያልቅለት ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ስህተት አንዱ ቴስተር ዛሬ ደክሞ ያገኘዋል፤ በሌላ ቢሮ ያለው ደግሞ ከርሞ እንደ አዲስ ይለፋበታል። በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ልምድ ያላችሁ ቴስተሮች፣ የድርጅታችሁንና የደንበኛውን ምስጢር ሳትነኩ፣ ምን እንዳስገባችሁ፣ ምን እንደጠበቃችሁና ምን እንደመጣ በአማርኛ ጻፉት፤ ጀማሪዎቹንም በወር አንድ ቅዳሜ ሰብስባችሁ አብራችሁ ፈትሹ።